ጕድለት ለማን ይነገር? መቼስ ይነገር?



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ አባቶቻችን ይመክሩናል። እነዚሁ አባቶች ደግሞ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ብለው ምላሳችንን እንድንገታ ያስጠነቅቁናል። ሁለቱ ምክሮች ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። በኔ አስተያየት ግን ለያንዳንዳቸው የራሳቸው ጊዜ አላቸው። ይህንም ለማስረዳት በ2007 ዓ.ም. በመስከረም ወር፣ ማለት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2014፣ በኮምፒዩተር ሥራ ላይ የደረሰውን አንድ ነገር ምሳሌ አድርጌ አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደሆነ መግለጽ ይገባኛል። ዛሬ በኢንተርኔት የምናስቀምጠው ደብዳቤና ፎቶግራፍ፣ የንግድ ቤቶችም ሒሳብ፣ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው ኩባንያዎች በሚያከራዩዋቸው ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ነው። አንዱ ኮምፒዩተር ለብዙ ተከራዮች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱም ተከራይ ለብቻው ሙሉ ኮምፒዩተር እንደያዘ ሆኖ ይሠራል። ይህን የሚያከፋፍለው ሶፍትዌር ሃይፐርቫይዘር ይባላል። ሥራውም በአንድ ግቢ ብዙ ክፍሎች እንደሚያከራይ ባለቤት ነው። ክፍሎቹን ይመድባል፤ የአንዱ ጓዳ ለሌላው እንዳይታይ ግድግዳውን ይጠብቃል። ተከራዮቹ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። ከመካከላቸው አንዱ ክፉ ሰው ቢሆን እንኳ፣ ግድግዳው ደኅና እስከሆነ ድረስ ጎረቤቱን ሊጎዳ አይችልም።

ከሃይፐርቫይዘሮች አንዱ ዜን ይባላል። የተጀመረው በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2007 መጀመሪያ ላይ አማዞንና ራክስፔስ የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች ለኪራይ ሥራቸው ይጠቀሙበት ነበር። ከዜን ሠሪዎች አንዱ የሆነው፣ ሱዜ በተባለው ኩባንያ የሚሠራው ያን ቦይሊኽ በዚህ ሶፍትዌር ውስጥ አንድ ጕድለት አገኘ።

ጕድለቱ የቍጥር ጕድለት ነበር። ወደ ኮምፒዩተሩ አንጎል የሚመጡትን ጥሪዎች የሚያስተናግድ አንድ መሣሪያ አለ፤ ሃይፐርቫይዘሩም ለተከራዩ የዚህን መሣሪያ አምሳያ ይሠራለታል። መሣሪያው በተራ ቍጥር የሚጠሩ 256 ቦታዎች አሉት። ዜን ግን በስሕተት እስከ 1024 ድረስ ይፈቅድ ነበር። ተከራዩ ከ256ቱ በላይ ለመጻፍ ቢሞክር ምንም አይሆንም። ለማንበብ የሞከረ እንደሆነ ግን ለአምሳያው ከተመደበው የሜሞሪ ገጽ አልፎ ቀጥሎ ያለውን ያነባል። ቀጥሎ ያለው የሌላ ተከራይ ምሥጢር ወይም የራሱ የሃይፐርቫይዘሩ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜም ሙከራው ኮምፒዩተሩን በሙሉ ሊያቆመው ይችላል። ይህ ስሕተት ከዜን 4.1 ጀምሮ የነበረ ነው፤ ያም የወጣው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2011 ስለሆነ ቀዳዳው ከሦስት ዓመት በላይ ክፍት ኖሯል። መድኃኒቱ ደግሞ ወሰኑን ከ1024 ወደ 256 መመለስ ነበር።

እንግዲህ የዜን ሰዎች ነገሩን ወዲያው ለዓለም አላወጁም። ስማቸው አስቀድሞ በዝርዝር ለተያዘ አከራዮችና አከፋፋዮች በምሥጢር ነገሯቸው፤ ለሁሉም የሚገለጽበትንም ቀን መስከረም 21 ብለው ቈረጡ። ጥገናው ኮምፒዩተሮቹን አጥፍቶ ማስነሣት የሚጠይቅ ስለነበር አማዞን ከሚያከራያቸው ከመቶ 10 የማይሞሉትን ከዚያ ቀን በፊት አጥፍቶ አስነሣ። ራክስፔስም እንዲሁ አደረገ። ብዙ ደንበኞች ዝርዝሩ ሳይነገራቸው ሥራቸው ለጊዜው ተቋረጠ። ቀኑ በደረሰ ጊዜ ግን ጕድለቱም፣ መድኃኒቱም፣ ያገኘውም ሰው ስም በግልጽ ታተመ።

ይህን አሠራር የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። «ትልቁ ቀድሞ ሰምቶ በሩን ሲዘጋ ትንሹ ተኝቶ ነበር» ይላሉ። ነቀፋው ከእውነት የራቀ አይደለም። ዜንን በራሱ ኮምፒዩተር የሚያሠራና በዝርዝሩ ያልገባ ትንሽ መሥሪያ ቤት ነገሩን የሰማው ከሌባው ጋር በአንድ ቀን ነው።

ነገር ግን ለሁሉም በመጀመሪያው ቀን ተነግሮ ቢሆንስ ኖሮ? ቍጥሩን የሰማ ክፉ ተከራይ በዚያው ሰዓት ሊሞክረው ይችላል፤ አከራዩ ግን ያን ሁሉ ኮምፒዩተር በአንድ ሰዓት ሊጠግን አይችልም። በዚህ መካከል ጓዳው የሚታይበት በግቢው ያለው ምስኪን ተከራይ አይደለምን? ስለዚህ እኔ ለጥቂት ቀናት ዝም መባሉን እደግፋለሁ። ይህን ስል ግን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የምሥጢሩ ማብቂያ ቀን አስቀድሞ ይቈረጥ፤ ማብቂያ የሌለው ምሥጢር በሽታን መደበቅ ነውና። ሁለተኛ፣ ቀድሞ ለመስማት የሚያበቃው የኩባንያው ሀብት መሆን የለበትም፤ በርሱ ግድግዳ የተጠለለው ሕዝብ ብዛት ይታይ።

ነገሩ ለኛ ለተማሪዎችም ሩቅ አይደለም። ከመካከላችን ኮምፒዩተር ጠንቅቀው የሚያውቁ አሉ፤ ነገ አንዱ በአንድ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ውስጥ ቀዳዳ ሊያይ ይችላል። ለመታየት ብሎ ለጓደኞቹ ያወራው እንደሆነ ከአፍ ወጥቷልና የሚመልሰው የለም። ፈርቶ ዝም ያለም እንደሆነ በሽታው ተደብቆ ይኖራል። ቦይሊኽ የሚነግረው ሰው ነበረው፤ ሲናገርም ሰሙት። አንድ ተማሪ ግን ለማን ይንገር? ብዙውን ጊዜ ዝም የሚያሰኘው የታላላቆች ቍጣ ነው። ስለዚህ ወላጆቻችንንና መምህራኖቻችንን የምለምነው፣ ጕድለት አየሁ ብሎ የመጣውን ልጅ «እዚያ ምን አገባህ?» ከማለት በፊት «እስቲ አሳየኝ» እንዲሉት ነው። ደግሞም በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለውን ወሬ በምሥጢር ተቀብሎ የሚያስጠግን አንድ ሰው ስሙ ታውቆ ቢሰየም መልካም ነው እላለሁ።