ሴራሚኩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቧንቧው

ድሬዳዋ ከዚራ ያለውን የቤተሰብ ቤት ሻወር እናድስ ሲባል ሁሉም የሴራሚክ ቀለም ወደ መምረጥ ሮጠ። እኔ የተፈታውን አሮጌ የብረት ቧንቧ አምጥቼ አሳየኋቸው፤ ውስጡን ዝገትና ነጭ ኖራ ደፍኖት እርሳስ እንኳ አያስገባም። ውሃ ጠብቀን በምንቀዳበት ከተማ፣ ባልዲ ካልሞላ ሴራሚኩ ለማን ያምራል?

ሲሚንቶ የምናመርትበት የኖራ ድንጋይ በጉድጓድ ውሃችንም ውስጥ ሟሟቶ አለ። ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረው ቅርፊት ያው እሱ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ ለፕላስቲክ ቧንቧ፣ ቀጥሎ ለመስኮት ይውጣ። መስኮት በሌለው ሻወር የጅፕሰም ኮርኒስ መስቀል ሻጋታ መጋበዝ ነው (አከራዮች፣ በቀለም አትሸፍኑት!)። የሻወሩን ራስ አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍ ኖራውን ያለቅቀዋል፤ እብነ በረድ ግን አይንካ፣ ይበላዋል።

እናቴ አሁንም ሰማያዊውን ሴራሚክ ትላለች። ይገዛላታል፤ ከተረፈ።