የጀርመን ቡንደስሊጋ፦ ሌቨርኩሰን ያልተሸነፈበት፣ ደጋፊዎችም ባለሀብትን የመለሱበት ዓመት

በጀርመን ከፍተኛው የእግር ኳስ ሊግ፣ በቡንደስሊጋ፣ የ2023/24 የውድድር ዘመን ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው ባየር ሌቨርኩሰን ነው። ክለቡ ካደረጋቸው 34 ጨዋታዎች 28ቱን አሸነፈ፤ በስድስቱ ነጥብ ተጋራ፤ በአንዱም አልተሸነፈም። 89 ግቦችን አስቆጥሮ የተቆጠሩበት 24 ብቻ ናቸው። በ90 ነጥብም ዋንጫውን አነሣ። ሊጉ እ.ኤ.አ በ1963 ከተጀመረ ወዲህ ዓመቱን ያለ ሽንፈት የፈጸመ ክለብ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ያ ዓመት ግን የሌቨርኩሰን ድል ብቻ የታየበት አይደለም። ከዲሴምበር 2023 እስከ ፌብሩዋሪ 2024 ባለው ጊዜ በየስታዲየሙ የቴኒስ ኳስ ወደ ሜዳ ሲዘንብ፣ ጨዋታ ሲቋረጥ፣ ተጫዋቾችም ኳስ ሲለቅሙ ታይቷል። የተቃውሞው መነሻ አንድ ጥያቄ ነበር። በእግር ኳስ ክለብ ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? ገንዘብ ያመጣው ባለሀብት ወይስ መዋጮውን እየከፈለ የሚኖረው አባል? የሚገርመው ደግሞ በዚያው ዓመት ዋንጫውን የወሰደው ክለብ፣ ደጋፊዎቹ ከሚሟገቱለት ሕግ ውጭ እንዲኖር የተፈቀደለት መሆኑ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች አብረው ካልታዩ የዓመቱ ትርጉም ይጎድላል።

ሌቨርኩሰን በራይን ወንዝ ዳር የምትገኝ የፋብሪካ ከተማ ናት። ክለቡን በ1904 የመሠረቱት የባየር ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው። ስሙ ከባየርን ሙኒክ ጋር ስለሚቀራረብ ብዙዎችን ያምታታል። ባየርን የደቡብ ጀርመን ክልል መጠሪያ ሲሆን ባየር ግን የኩባንያ ስም ነው። ኩባንያው ደግሞ ለግብርናው ዓለም እንግዳ አይደለም። አስፕሪንን ለዓለም ያስተዋወቀው ይኸው መድኃኒት አምራች፣ በሰብል ዘርና በአረምና በተባይ ማጥፊያ ንግድም ከዓለም ታላላቆች አንዱ ነው። በ2018 ሞንሳንቶ የተባለውን የአሜሪካ የዘር ኩባንያ ከ60 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ጠቅልሎታል።

ክለቡ እንዲህ ያለ ባለጸጋ ባለቤት ይኑረው እንጂ ለ120 ዓመታት ያህል የሊግ ዋንጫ አላየም ነበር። በ2000 የመጨረሻውን ጨዋታ ነጥብ ቢጋራ እንኳ ሻምፒዮን ይሆን ነበር፤ ኡንተርሃኺንግ በተባለ ትንሽ ክለብ 2 ለ 0 ተሸንፎ ዋንጫውን ለባየርን አስረከበ። በ2002 የባሰ ገጠመው። ሊጉን በአንድ ነጥብ ልዩነት በዶርትሙንድ ተነጠቀ፤ በጀርመን ዋንጫ ፍጻሜ በሻልከ፣ በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደግሞ በሪያል ማድሪድ ተረታ። ከዚያ ወዲህ ተፎካካሪዎች የክለቡን ስም አጣምመው ‹‹ቪዜኩሰን›› እያሉ ሲሣለቁበት ኖረዋል፤ ሁልጊዜ ሁለተኛ እንደማለት ነው።

ስፔናዊው ዣቢ አሎንሶ በኦክቶበር 2022 ቡድኑን ሲረከብ ሌቨርኩሰን ከ18 ክለቦች 17ኛ ነበር። አሎንሶ በተጫዋችነት ዘመኑ የዓለም ዋንጫ ያነሣ ቢሆንም ከዚያ በፊት በዋና ሊግ ያሠለጠነው ቡድን አልነበረም። በ2023 ክረምት ግራኒት ዣካን ከአርሰናል፣ ቪክቶር ቦኒፌስን ከቤልጂየም አስመጣ፤ አሌሃንድሮ ግሪማልዶን ደግሞ ያለ ዝውውር ክፍያ ከቤንፊካ አገኘ። ከክለቡ ጋር ውል የነበረው ወጣቱ ፍሎሪያን ቪርትዝም የቡድኑ አእምሮ ሆነ። ገንዘብ አልወጣም ማለት አይደለም፤ ግን አንድም ታላቅ ስም ለማሳያ ተብሎ አልተገዛም።

ቡድኑን ከሌሎች የለየው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የነበረው ጽናት ነው። በጃንዋሪ አውግስበርግንና ላይፕዚግን ያሸነፈው በጭማሪ ደቂቃዎች በተቆጠሩ ግቦች ነበር። በኤፕሪል ዶርትሙንድና ስቱትጋርት ሊያሸንፉት ሲቃረቡ በሁለቱም ጨዋታዎች 90ው ደቂቃ ካለፈ በኋላ አቻ ሆኖ ወጥቷል። አንድ ጊዜ ሲሆን ዕድል ይባላል፤ በዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሲደጋገም ግን የልምምድና የእምነት ውጤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፌብሩዋሪ 10 ቀን ባየርን ሙኒክን 3 ለ 0 ሲረታ የመጀመሪያውን ግብ ያስቆጠረው ዮሲፕ ስታኒሺች፣ ከራሱ ከባየርን በውሰት የመጣ ተከላካይ ነበር።

ኤፕሪል 14 ቀን 2024፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ቬርደር ብሬመን በሌቨርኩሰን ሜዳ 5 ለ 0 ተሸነፈ። ቪርትዝ ሦስት ግቦችን አስቆጠረ፤ ደጋፊዎችም የጨዋታውን ማብቃት ሳይጠብቁ ሜዳውን አጥለቀለቁት። ሊጉ ሊጠናቀቅ ገና አምስት ጨዋታዎች ሲቀሩ ሻምፒዮኑ ታወቀ። በዓመቱ በሁሉም ውድድሮች ካደረጋቸው 53 ጨዋታዎች የተሸነፈው አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱም ሜይ 22 ቀን በደብሊን የአውሮፓ ሊግ ፍጻሜ ሲሆን፣ ናይጄሪያዊው አዴሞላ ሉክማን ለጣሊያኑ አታላንታ ሦስቱንም ግቦች አስቆጥሯል። ከሦስት ቀን በኋላ በበርሊን ካይዘርስላውተርንን 1 ለ 0 አሸንፎ የጀርመን ዋንጫን ጨመረ።

ከ2013 ጀምሮ 11 ዋንጫዎችን በተከታታይ የወሰደው ባየርን ሙኒክ በዚያ ዓመት ሦስተኛ ሆነ። ሀሪ ኬንን ወደ 100 ሚሊዮን ዩሮ አውጥቶ ቢያስመጣና ተጫዋቹም 36 ግቦችን ቢያስቆጥር ክለቡ ያለ ዋንጫ ቀረ። ሁለተኛ የወጣው ስቱትጋርት በቀደመው ዓመት ከመውረድ የተረፈው በማጣሪያ ጨዋታ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን 50 ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላት ሃይደንሃይም ልትጠቀስ ይገባታል። የከተማዋ ክለብ ወደ ቡንደስሊጋ የወጣው በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የከተማዋ ተወላጅ የሆነው አሠልጣኝ ፍራንክ ሽሚት ቡድኑን ከታችኛው ሊግ ጀምሮ ከ2007 አንሥቶ ይዞታል። በኤፕሪል 2024 ባየርን ሙኒክን ከ2 ለ 0 መመራት ተነሥቶ 3 ለ 2 ረታ፤ ዓመቱንም በስምንተኛ ደረጃ ፈጸመ። በጀርመን እግር ኳስ ትንሽ ከተማ አሁንም ቦታ እንዳላት ለሚከራከሩ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ይህ ቦታ የሚጠበቀው ‹‹ሃምሳ ሲደመር አንድ›› በተባለው ሕግ ነው ብለው ብዙ ደጋፊዎች ያምናሉ። ከ1998 ጀምሮ የጀርመን ክለቦች የእግር ኳስ ክፍላቸውን ወደ ኩባንያ ቀይረው ባለሀብት ማስገባት ይችላሉ። ሆኖም ከድምፁ ግማሹ እና አንድ ተጨማሪ ድምፅ በአባላቱ ማኅበር እጅ መቅረት አለበት። በባየርን ሙኒክ ለምሳሌ 75 በመቶው ከ300 ሺህ በላይ አባላት ያሉት ማኅበር ሲሆን፣ ቀሪውን አዲዳስ፣ አውዲ እና አሊያንዝ ተካፍለውታል። አባል በጠቅላላ ጉባኤ ተገኝቶ ድምፅ ይሰጣል፤ ሀብታሙም ሆነ ድሃው አንድ ድምፅ ነው ያለው።

የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆነ አርሶ አደር ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። ጀርመን ራሷ የገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበራት ቀድመው ከተስፋፉባቸው አገሮች አንዷ ናት። ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአራጣ ብድር የተጨነቁ ገበሬዎችን አስተባብረው ያቋቋሟቸው ማኅበራት ለብዙ አገር አርአያ ሆነዋል። የእግር ኳስ ክለቡ ማኅበር ትርፍ የሚያከፋፍል ስላልሆነ በሕግ ከዚያ ይለያል፤ የድምፁ አስተሳሰብ ግን አንድ ነው።

ዲሴምበር 11 ቀን 2023 የሁለቱ ከፍተኛ ሊጎች 36 ክለቦች በአንድ ዕቅድ ላይ ድምፅ ሰጡ። ለ20 ዓመታት ከቴሌቪዥንና ከሌሎች የሥርጭት መብቶች ከሚገኘው ገቢ 8 በመቶ ያህሉን አንድ ባለሀብት እንዲወስድ፣ በለውጡም እስከ 1 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ እንዲከፍል የሚል ነበር። የሊጉ ኃላፊዎች ገንዘቡ ለዲጂታል ሥርጭትና በውጭ አገር ለሚደረግ ገበያ ያስፈልጋል ሲሉ ተከራከሩ። ክርክራቸው መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ የእንግሊዙ ፕሪሚየር ሊግ በገቢ ርቆ ሄዷል፣ የጀርመን ክለቦችም ምርጥ ተጫዋቾቻቸውን ለእርሱ ሲሸጡ ኖረዋል። ዕቅዱ እንዲያልፍ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማለትም 24 ያስፈልግ ነበር። ያገኘውም 24 ነው።

ችግሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። የሃኖቨር 96 ወላጅ ማኅበር ሥራ አስኪያጁን ማርቲን ኪንድን ዕቅዱን እንዲቃወሙ አዝዟቸው ነበር። ድምፁ በምሥጢር ስለተሰጠ የመረጡት አልተገለጠም፤ ትእዛዙ አልተፈጸመም የሚለው ጥርጣሬ ግን በመላ አገሪቱ ተዛመተ። አንድ ድምፅ ቢጎድል ዕቅዱ ይወድቅ ነበርና ደጋፊዎች የአባላት ሕግ ራሱ እንደተጣሰ ቆጠሩት።

በመጀመሪያ በየስታዲየሙ የመጀመሪያዎቹን 12 ደቂቃዎች ዝም አሉ። የጀርመን ስታዲየም ጸጥ ሲል ደግሞ በቴሌቪዥን ለሚከታተልም ይሰማል። ቀጥሎ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ የቸኮሌት ሳንቲም ወረወሩ፤ ከዚያ የቴኒስ ኳስ መጣ፤ በሩቅ መቆጣጠሪያ የሚነዱ ትንንሽ መኪናዎችም ሜዳ ገቡ። በሁለተኛው ሊግ የኸርታ በርሊንና የሃምቡርግ ጨዋታ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተቋርጧል። የሚሸጠው ሸቀጥ የቴሌቪዥን ሥርጭት ስለሆነ ያንኑ ሥርጭት ማሰናከል ነበር ስልቱ፤ ማንም ሳይጎዳ የሸቀጡን ዋጋ የሚነካ ብልህ ዘዴ ነው። ከሁለቱ የመጨረሻ ተጫራቾች አንዱ የነበረው ብላክስቶን ወጣ። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2024 ደግሞ ሊጉ ድርድሩን ሙሉ በሙሉ ማቆሙን አስታወቀ።

በዚያው የብርድ ወራት የጀርመን ገበሬዎችም የናፍጣ ድጎማ ሊቀርባቸው መሆኑን ተቃውመው በትራክተር ወደ በርሊን ጎርፈው ነበር። መንግሥት ለገበሬዎቹ የሰጠው ግማሽ ምላሽ ነው፤ የተሽከርካሪ ግብሩን ጭማሪ አነሣ፣ የናፍጣ ድጎማውን ግን ቀስ በቀስ ለማስቀረት ወሰነ። የኳስ ደጋፊው ሙሉ በሙሉ ሲሰማለት ገበሬው በከፊል መሰማቱ ለግብርና ሰው ጥቂት ቅር ያሰኛል።

ወደ ሻምፒዮኑ ስንመለስ፣ ሌቨርኩሰን ሙሉ በሙሉ የባየር ኩባንያ ነው። ሕጉ ሲወጣ አንድ ኩባንያ ከ20 ዓመት በላይ ክለቡን ሲደግፍ ከኖረ ልዩ ፈቃድ ያገኛል ስለተባለ፣ ሌቨርኩሰንና የመኪና አምራቹ ፎልክስቫገን ክለብ ቮልፍስቡርግ ከሕጉ ውጭ ሆነዋል። ስለዚህ የባየርን ሙኒክን የ11 ዓመት የበላይነት የሰበረው የአባላት ማኅበር ሳይሆን የኩባንያ ክለብ ነው። የሕጉ ተቺዎች ‹‹ሕጉ ደካማዎችን አስሮ ባየርንን ይጠብቃል›› የሚሉት ይህን ይዘው ነው፤ በቀላሉ የሚጣል ክርክርም አይደለም። ነገር ግን የስቱትጋርት ሁለተኛነትና የሃይደንሃይም ስምንተኛነት በተቃራኒው ይመሰክራሉ፤ ሁለቱም በሕጉ ሥር ያሉ ክለቦች ናቸው። ደግሞ የሌቨርኩሰን ስኬት የገንዘብ ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ 120 ዓመት ባልፈጀ ነበር።

የኩባንያ ክለብ መሆን ሌላ ሥጋትም አለው። ሌቨርኩሰን ያለ ሽንፈት ሲገሠግሥ ባለቤቱ በዕዳና ከሞንሳንቶ በወረሰው የአረም ማጥፊያ ክስ ተጨንቆ ነበር። ባየር በፌብሩዋሪ 2024 ለባለአክሲዮኖች የሚከፍለውን ትርፍ ለሦስት ዓመታት በሕግ ወደተፈቀደው ዝቅተኛ መጠን አወረደ። ኩባንያው ለክለቡ ጀርባውን አልሰጠም፤ ይሁንና በእንዲህ ያለ ጊዜ የክለቡ ዕጣ የሚወሰነው በኩባንያው ጉባኤ እንጂ በደጋፊው ድምፅ አይደለም።

ድሉም ብዙ አልቆየም። በ2025 ባየርን ሙኒክ ዋንጫውን መልሶ ወሰደ፤ አሎንሶ ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ፤ ቪርትዝም ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ወጥቶበት ሊቨርፑልን ተቀላቀለ። ተተኪው ኤሪክ ቴን ሀግ ሁለት የሊግ ጨዋታዎችን ብቻ መርቶ ተሰናበተ። የባለቤትነቱ ጥያቄ ግን ቀጥሏል። በጁን 2025 የጀርመን ፌዴራል የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባወጣው ግምገማ፣ የ50 ሲደመር አንድ ሕግ በመሠረቱ ተቀባይነት እንዳለው ገልጾ ለሁሉም በእኩል እንዲሠራ አሳስቧል። የሌቨርኩሰንና የቮልፍስቡርግ ልዩ ፈቃድ እንደነበረ መቀጠሉን አልወደደውም፤ የሃኖቨሩን የድምፅ ጉዳይም አንሥቶታል።

በሃምቡርግ የሚገኘው ሳንክት ፓውሊ ደግሞ በ2024 የሁለተኛውን ሊግ ዋንጫ ይዞ ቡንደስሊጋን ሲቀላቀል ዕዳ ነበረበት። ባለሀብት አልፈለገም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁሞ የአንዱን ድርሻ ዋጋ 750 ዩሮ አድርጎ ሸጠ፤ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎችም ገዙ። የስታዲየሙ አብላጫ ድርሻ ወደዚህ ማኅበር የሚዛወር ሲሆን፣ አሥር ድርሻ የገዛውም አንድ የገዛውም በጉባኤው የሚሰጠው አንድ ድምፅ ነው።