በጠርሙሱ ላይ የማን ስም ተጽፏል?

ሰው ቤት ለእራት ተጠርቶ ባዶ እጅን መሄድ ነውር መሆኑን እናቴ ያስተማረችኝ ገና በልጅነቴ ነው። በእኛ አገር ዳቦ ወይም ፍራፍሬ ይዞ የሚሄደው እንግዳ፥ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ሲሆን አንድ ጠርሙስ የወይን ጠጅ ይይዛል። በቅርቡ ወደዚያች ከተማ ሄጄ ሳለሁ፥ ቤልቪል በሚባለው ሰፈር ነግደው የሚኖሩ አንዲት የእናቴ ባልንጀራ ለእራት ስለ ጠሩኝ፥ እኔም እንደ አገሩ ልማድ ለማድረግ በአቅራቢያው ወዳለ አንድ መጠጥ ቤት፥ ማለትም ጠርሙስ ብቻ ወደሚሸጥበት ሱቅ ጎራ አልኩ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ስለሆነ፥ ኪሴም ሆነ ስለ ወይን ጠጅ ያለኝ ዕውቀት እኩል ባዶ እንደ ነበሩ አንባቢዬ ይረዳልኛል።

ከበሩ አጠገብ «አዲስ የገቡ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ጠረጴዛ ነበር። የሚያምር ግንብ የተሣለበትን ጠርሙስ ለማንሣት እጄን ስዘረጋ፥ ዕድሜያቸው ከስልሳ የማያንስ ሻጭዋ ሴት፥ «ልጄ፥ ሥዕሉን ተወውና ጽሑፉን አንብብ፤ ሥዕል አይጠጣም» አሉኝ። እኔም በዚያ አገር ለታላቅ ሴት እንደሚባለው «አንቲ» ብዬ፥ የትኛውን ጽሑፍ ማንበብ እንደሚገባኝ እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። እሳቸውም ከጠረጴዛው ላይ ሦስት ጠርሙስ መርጠው በፊቴ ደረደሩ። የዛሬው አስተያየቴ ከእነዚህ ከሦስቱ ጠርሙሶች የመነጨ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ሼነን ብላን ከሚባለው ወይን የተጠመቀ ነጭ የወይን ጠጅ ነበር። ይህ የወይን ዓይነት በደቡብ አፍሪካ ከሌላው ሁሉ በብዛት የተተከለ ሲሆን፥ የአገሩ ሰዎች በድሮ ስሙ «ስቲን» ይሉታል። ነገር ግን እንደ ብዛቱ ክብር አልነበረውም። ከብዙ ገበሬ የተለቀመው በአንድ ትልቅ ጋን ይደባለቅና ርካሽ የወይን ጠጅ ይሆናል፤ አለዚያም ለብራንዲ ይውላል። የማን እርሻ፥ የስንት ዓመት ሐረግ እንደ ሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። አሁን ግን በጠርሙሱ አንገት ላይ አንዲት ትንሽ ማኅተም አየሁ፤ በማኅተሟም ላይ ሐረጉ የተተከለበት ዓመት ተጽፏል።

የዚህች ማኅተም ታሪክ የሚያስደስት ነው። ሮዛ ክሩገር የተባሉ የወይን እርሻ ባለሙያ ከ2002 ጀምሮ በየገጠሩ እየዞሩ ያረጁ የወይን ቦታዎችን መመዝገብ ጀመሩ። ያረጀ ሐረግ ፍሬው ጥቂት ነው። ዋጋው በኪሎ ብቻ የሚታሰብለት ገበሬ ደግሞ ጥቂት የሚያፈራውን ነቅሎ ሌላ ቢተክል አይፈረድበትም። የሆነ ሆኖ የዚያ ጥቂት ፍሬ ጣዕም የጠለቀ መሆኑን ጠማቂዎቹ ያውቃሉ። ስለዚህ በ2016 የአሮጌ ወይን ሐረጎችን የሚጠብቅ ድርጅት ተመሠረተ፤ ከ2018 ወዲህም ዕድሜው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐረግ ለተገኘ የወይን ጠጅ ማኅተሙ ይሰጣል። ዓመቱ ሲጻፍ ገዢው ጥቂት ጨምሮ ይከፍላል፤ ገበሬውም ለመንቀል ያነሣውን መቆፈሪያ መልሶ ያስቀምጣል። እነሆ፥ አንዲት ቁጥር የአንድን እርሻ ሕይወት ስታድን!

ሁለተኛው ሳንሶ ከሚባለው ወይን የተሠራ ቀላ ያለ፥ ቀለል ያለ፥ ቀዝቀዝ አድርገው የሚጠጡት ነበር። በ1925 አብርሃም ፔሮልድ የተባሉ የስቴለንቦሽ ፕሮፌሰር ይህን ሳንሶ ከፈረንሳዩ ፒኖ ኗር ጋር አዳቅለው ፒኖታዥ የተባለውን ዘር አስገኙ። ልጁ ፒኖታዥ በዓለም ታወቀና የአገሩ መኩሪያ ሆነ፤ ወላጁ ሳንሶ ግን በሌላ ስም ጠርሙስ ውስጥ መሙያ ሆኖ ቀረ። አሁን ወጣት ጠማቂዎች ከአሮጌ ሐረጎች ለቅመው በራሱ ስም ያወጡት ጀመር። ልጁ የከበረለት አባት በመጨረሻ በስሙ ሲጠራ ማየት ለእኔ ደስ የሚል ነገር ነው።

ሦስተኛውን ጠርሙስ አንቲ በሁለት እጃቸው ነበር የሰጡኝ። «አስሊና» ይላል። ይህ የንትሲኪ ቢዬላ አያት ስም ነው። ንትሲኪ ቢዬላ በክዋዙሉ ናታል ገጠር ያደጉ፥ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ከመሄዳቸው በፊት የወይን ጠጅ ቀምሰው የማያውቁ ሴት ናቸው። ትምህርቱ የሚሰጠው በማያውቁት በአፍሪካንስ ቋንቋ ነበር። ቢሆንም ተምረው በ2004 ሥራ ያዙና በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ወይን ጠማቂ ተባሉ። ከዓመታት በኋላ የራሳቸውን ድርጅት ሲያቋቁሙ ያሳደጓቸውን አያታቸውን በጠርሙሱ ላይ ጻፉ። በፍራንሽሁክም እንዲሁ፥ የእርሻ ሠራተኛ ልጅ የሆኑት ፖል ሲጉቃ በ2019 ክላይን ኻደረስት የሚባለውን አሮጌ እርሻ ገዝተው ካደሱ በኋላ፥ የሚፈላውን የወይን ጠጃቸውን በእናታቸው ስም «ኖማሮማ» ብለው ሰየሙት።

ይህ ለምን እንደሚያስደንቅ የገባኝ አንቲ ስለ አባታቸው ሲነግሩኝ ነው። አባታቸው የወይን እርሻ ሠራተኛ ነበሩ። የደመወዛቸው አንዱ ክፍል ገንዘብ ሳይሆን በቀን ውስጥ እየተመላለሰ በቆርቆሮ ኩባያ የሚቀዳላቸው ርካሽ የወይን ጠጅ ነበር። ይህ ልማድ «ዶፕ» ይባላል። በሕግ ከተከለከለም በኋላ በየእርሻው ለብዙ ዓመት ቆይቷል። በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ በመጠጥ የተጎዱ ሕፃናት በዓለም እጅግ በብዛት ከተመዘገቡባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የኬፕ ወይን አገር መሆኑ ከዚህ ታሪክ አይለይም። አንቲም በዚህ ምክንያት ወይን ይሸጣሉ እንጂ አይጠጡም።

በኬፕ የመጀመሪያው ወይን የተጨመቀው በ1659 ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ከተከሉትና ከጨመቁት መካከል ብዙዎቹ በባርነት የመጡ ሰዎችና የልጅ ልጆቻቸው ነበሩ፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ግን የባለርስቱ ስም ነው። ከዚህም በላይ ጥቁር አፍሪካዊ ልዩ ፈቃድ ካልያዘ በቀር እስከ 1962 ድረስ ከመሰል ሱቅ ገብቶ የወይን ጠጅ መግዛት በሕግ ተከልክሎ ነበር። እንግዲህ የአያት ስም በዚያ መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ቀላል ነገር ነውን?

«የወይን ጠጅ የሚመዘነው በምላስ ነው፤ ስም ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ መጥፎ የወይን ጠጅ የማንም አያት ስም ቢጻፍበት አይጥምም። ነገር ግን ምላስ ብቻውን ፈራጅ በነበረበት ዘመን አሮጌው ሐረግ ይነቀል፥ ሳንሶም መሙያ ይሆን፥ ሠራተኛውም ደመወዙን በኩባያ ይቀበል ነበር። ስም የሌለው ነገር ዋጋ የለውም፤ ዋጋ የሌለውንም የሚጠብቀው አይገኝም።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ እኔም ይህኛውን አከብረዋለሁ። ስም መሬት አይደለም። ዛሬም ጥቁሮች የያዙት የወይን እርሻ ከጠቅላላው እጅግ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ጠማቂዎች የራሳቸው መሬት ስለሌላቸው ፍሬውን ከሌላ ይገዛሉ። ብልጥ ነጋዴም ልብ የሚነካ ታሪክ በወረቀት አትሞ፥ ትርፉን ወደ ድሮው ኪስ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ገዢ ሆይ፥ በፊት ለፊቱ ጽሑፍ አትርካ፤ ጠርሙሱን አዙረህ የኋላውንም አንብብ። ድርጅቱ የማን ነው? የት ተጠመቀ? ዊዬታ የተባለው ድርጅት የሠራተኞችን አያያዝ መርምሮ የሚሰጠው ማኅተም አለበትን? ሻጩን ጠይቅ፤ ሻጩ የማያውቅ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ አጣርቶ ይጠብቅሃል። ገዢ የማይጠይቀውን ነገር ግን ማንም አያጣራም።

በመጨረሻ የከፈልኩት ገንዘብ ግንብ ለተሣለበት ጠርሙስ ካሰብኩት በለጥ ያለ ነበር። «አስሊና»ን ይዤ ወደ እራቱ ሄድኩ። አስተናጋጄ እትዬ ቡሹን ከማስነቀላቸው በፊት መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን አነበቡና፥ ስለ ጣዕሙ ሳይሆን፥ «አስሊና ማን ናት?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ነገርኳቸው። በማዕዱ የነበርነው ስድስት ሰዎች አንዳንድ ብርጭቆ ብቻ ደረሰን፤ ያም በቂ ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ በዚያች ማታ የአንዲት የገጠር አያት ስም፥ ከተወለዱበት መንደር እጅግ ርቆ፥ በማያውቋቸው ሐበሾች ማዕድ ላይ ሲነሣ አመሸ።