ልብሱን አይቶ ግጥሙን ሳይሰሙ መመለስ

የዕረፍት ወራት በቀረበ ቁጥር በስደተኛው ቤት የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዘንድሮ የት ይኬዳል?» የቻለ አገር ቤት ይገባል። ያልቻለ ደግሞ፣ ምክንያቱ የወረቀት ጉዳይም ይሁን የፖለቲካ፣ ዓይኑን ወደ ሌላ ይጥላል። ከዚህ ወገን የግሪክን ደሴቶች የሚመርጥ አይጠፋም። ስማቸው የገነነው ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ናቸው። ለስደተኛ ብዙ ቁም ነገር ያለው ግን ሌላ ደሴት ነው፤ ስሙም ካርፓቶስ ይባላል።

ካርፓቶስ የሚገኘው በቀርጤስና በሮድስ መካከል ነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወርዱ ግን ጠባብ ነው። መሐሉን ተራራ ይዞታል፤ ከፍተኛው ጫፍ ካሊ ሊምኒ 1,215 ሜትር ይደርሳል። በሰሜን በኩል በተራራ ትከሻ ላይ የተሰቀለች ኦሊምቦስ የምትባል መንደር አለች። የቀድሞ ነዋሪዎቿ የባሕር ወንበዴ ሲያስቸግራቸው ከጠረፉ ሸሽተው የወጡ ናቸው። ከደቡብ የሚመጣው መንገድ አስፋልት የለበሰው በቅርቡ፣ በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህም በመንደሯ አነጋገር ውስጥ ሌላው ግሪካዊ የረሳቸው ጥንታዊ ቃላት ይሰማሉ። አሮጊቶቹ ዛሬም የቆዳ ቦት ጫማ ተጫምተው፣ አበባ ያለበት ሻሽ አስረው ይውላሉ፤ ዳቦ የሚጋግሩትም ከቤት ውጭ በተሠራ የእንጨት ምድጃ ነው።

ጎብኚው የሚመጣው ይህን ለማየት ነው። ጠዋት ከዋናው ከተማ ከፒጋዲያ በጀልባ ተነሥቶ ዲያፋኒ በምትባለው ትንሽ ወደብ ይወርዳል፤ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ተራራው ይወጣል። አሮጊቶቹን ፎቶ ያነሣል፤ ማካሩኔስ የሚባለውን በሽንኩርትና በአይብ የሚቀርብ የቤት ፓስታ ይበላል፤ ሻሽ ይገዛል፤ ከሰዓት በኋላ ወደመጣበት ይመለሳል። «ኦሊምቦስን አየሁ» ብሎም ያወራል። እውነቱን ለመናገር ያየው ልብሱን ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ለመሆኑ መንደሪቱን እስከዛሬ ያቆማት ምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው ግሌንዲ በሚባለው የሕዝብ ድግስ ላይ ነው። ትልቁ ግሌንዲ የሚደረገው በእመቤታችን የዕረፍት በዓል፣ ኦገስት 15 ቀን ነው። ለዚህ በዓል የግሪክ ኦርቶዶክስ ምእመናን ሁለት ሳምንት ይጾማሉ። ፍልሰታን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ የኢትዮጵያው ጾም የሚፈታው ነሐሴ 16 ቀን፣ ማለትም ኦገስት 22 መሆኑ ነው።

ቅዳሴው ካበቃና ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ወንዶቹ ገበታውን ከበው ይቀመጣሉ። ሦስት አውታር ያላት ሊራ በጉልበት ላይ ቀጥ ብላ ትያዛለች፤ መምቻ ደጋኗ ላይ ትንንሽ ቃጭሎች ተሰክተዋል። ላውቶ የሚባለው ባለ አውታር መሣሪያና ከፍየል ቆዳ የተሠራው ጻምቡና ያጅቧታል። ከዚያ አንዱ ማንቲናዳ ያነሣል። ማንቲናዳ ቤት የሚመታ የሁለት መስመር ግጥም ነው፤ እያንዳንዱ መስመር 15 ቀለም አለው። ከመጽሐፍ የተጠና አይደለም፤ እዚያው በዚያው ይፈጠራል፤ ማዶ የተቀመጠውም በግጥም ይመልሳል። የሚነሣው ነገር የሞተ ወዳጅ፣ የተዳረች ልጅ፣ ከሁሉም በላይ ግን ክሴኒቲያ ነው፤ ይኸውም ስደት ማለት ነው። ጎልማሳ ወንዶች በሰው ፊት ሳያፍሩ ያለቅሳሉ። ጭፈራውም እስኪነጋ ይዘልቃል።

አዝማሪ መሲንቆውን ይዞ «ተቀበል» ሲባል የሰማ ሰው የዚህ ነገር ጣዕም ወዲያው ይገባዋል። ልዩነቱ አንድ ነው። በኦሊምቦስ ገጣሚው በገንዘብ የሚጠራ ባለሙያ አይደለም። እረኛው፣ ግንበኛው፣ ጫማ ሰፊው፣ ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣው ሠራተኛ ሁሉ ተራው ሲደርስ ግጥም ይጠበቅበታል።

እዚህ ላይ የስደቱ ታሪክ ይመጣል። ኢጣሊያ ደሴቶቹን የያዘችው በ1912 ነው። አዲስ አበባን በያዘችበት በ1936 ቼዛሬ ማሪያ ደ ቬኪ የሚባለውን ፋሺስት ገዥ ላከችባቸው፤ እሱም በ1937 የትምህርት ቤቱን ቋንቋ ኢጣሊያንኛ አደረገው። ደሴቶቹ ከግሪክ ጋር የተዋሐዱት በ1948 ነው። የገዥው አዋጅ ያላጠፋውን መንደር ግን ድህነት አራቆተው። በመንደሪቱ የቆየ ልማድ መሠረት የአባት ንብረት ለበኩር ወንድ፣ የእናት ንብረት ለበኩር ሴት ልጅ ይተላለፍ ነበር። ታናናሾቹ ባዶ እጃቸውን ይቀሩ ነበር፤ ወይ ለታላቆቻቸው ያገለግላሉ፣ ወይ ይሰደዳሉ። ብዙዎች ወደ ፒሬዎስ ወረዱ፤ ሌሎች ባሕር ተሻግረው አሜሪካ፣ በተለይም ባልቲሞር ገቡ። አና ካራቬሊ የተባሉ የፎክሎር ተመራማሪ በ1985 ስለዚህ ማኅበረሰብ ሲጽፉ ባልቲሞር ውስጥ ያለ «የግሪክ መንደር» ብለውታል።

ስለ ካርፓቶስ ሲወራ «ተራራው ነው ባህሉን የጠበቀው» የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ባልቲሞር ውስጥ ተራራ የለም፤ ሊራው ግን እዚያም ተመቷል። ስለዚህ ባህሉን የተሸከመው ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን የሰው ችሎታ ነው። ሌሎች ደግሞ «ባህል ሁሉ ይጠበቅ» ይላሉ። ይህም አያስኬድም። ታናሽን ባዶ እጁን የሚያስቀረው የውርስ ልማድ ባህል ነበር፤ የተሰደዱት ታናናሾች ግን ሻንጣቸው ውስጥ ይዘው የሄዱት ግጥሙን ነው።

የዚህ ሁሉ ወሰንም መነገር አለበት። በኦገስት መንደሪቱ ሞልታ ትፈስሳለች፤ የተሰደዱት ልጆችና የልጅ ልጆች ይመለሳሉ፤ ልጃገረዶች በደረታቸው ላይ የወርቅ ሳንቲም ደርድረው ይጨፍራሉ። ክረምት ሲገባ ግን የሚቀሩት ጥቂት መቶ ሰዎች ናቸው። የሁለት ሳምንት ፍቅር የዓመቱን ጉድለት አይሞላም። ስደተኛው መንደሩን ከመረሳት ያድነው ይሆናል፤ ከመራቆት ግን አላዳነውም።

የኢትዮጵያ ስደተኛ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት የሚያስደስት ብቻ አይደለም። በየከተማው ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ ይከራያል፤ ሕፃናት የሐበሻ ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ ወላጅ ፎቶ ያነሣል፤ ሁሉም ረክቶ ወደ ቤቱ ይገባል። በማግሥቱ ያው ልጅ ከአያቱ ጋር በስልክ ሲገናኝ ከሰላምታ የዘለለ ቃል ያጣል። ይህ ወላጅ ኦሊምቦስን ለግማሽ ቀን ካየው ጎብኚ በምን ይለያል? እሱም የገዛ ልጁን ልብስ አይቶ ግጥሙን ሳይሰማ ነው የተመለሰው።

ወላጅ ሁለት ሥራ ሠርቶ፣ ሌሊት ታክሲ ነድቶ፣ ልጅ ለማስተማር ጊዜ ከየት ያመጣል የሚል ይኖራል። ክርክሩ የዋዛ አይደለም። ግን የኦሊምቦስ ስደተኛም የባልቲሞር ሠራተኛ ነበር፤ ችሎታው የተላለፈው በገበታ ዙሪያ፣ ልጅ አዋቂ መሐል ተቀምጦ ነው። የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት ያላቸው ማኅበራት ፊደሉን ካስቆጠሩ በኋላ አንድ ነገር ቢጨምሩ ይበጃል፤ ለዓመት በዓል እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሁለት መስመር ግጥም አዘጋጅቶ ይምጣ። ስለ ትምህርት ቤቱም ይሁን፣ ስለ በረዶውም ይሁን፣ ስለ አያቱም ይሁን፣ ብቻ ቤት ይምታ። አዋቂው «ተቀበል» ይበለው፤ ከተሳሳተም ይሣቅ፣ ይታረም።

የዕረፍት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ካርፓቶስን ቢጎበኝ አይቆጭም። የሚሄድ ሰው ግን እንደ እንግዳ ይሂድ። የቀን ጎብኚዎቹ ጀልባ ሲመለስ እሱ አብሮ አይመለስ፤ ኦሊምቦስ ይደር፤ አሮጊቷን ፎቶ ከማንሣቱ በፊት ሰላምታ ይስጥ፣ ያስፈቅድ። ቢመቸው በኦገስት 15 ይገኝና የግሌንዲውን ገበታ ይመልከት። የማይሄደውም ቢሆን የልጁን ሁለት መስመር ግጥም በዚህ ዓመት እንቁጣጣሽ መስማት ይችላል፤ ለዚያ የአውሮፕላን ቲኬት አያስፈልግም።