ትምህርት ቤት በዕቅድና በበጀት እንጂ በመዋጮ ዘመቻ አይሠራም!



እኛ ወደ እናንተ የመጣነው የመሠረት ድንጋይ ይዘን አይደለም። በምርጫ ዋዜማ የሚቀመጥ፣ ካሜራው ሲሄድ የሚረሳ የመሠረት ድንጋይ ስታዩ ኖራችኋል። ይዘን የመጣነው ጥያቄ ነው። ልጆቻችሁ የሚማሩበትን ክፍል ማን ሠራው? በቦንኬም፣ በዲታም፣ በካምባም፣ በቁጫም ብትጠይቁ መልሱ ያው ነው። ባሕር ዛፉን የቆረጠው፣ ድንጋዩን የተሸከመው፣ ጭቃውን አቡክቶ የመረገው ወላጁ ነው። መንግሥት ቆርቆሮና ሚስማር ጨመረበትና "ትምህርት ቤት ሠራሁልህ" አለው።

ደቦን አንቃወምም። የጋሞ ሕዝብ በዱቡሻ ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት ተማክሮ፣ የጋራ ሥራውን ሲከፋፈል የኖረ ሕዝብ ነው። የምንቃወመው የደቦን ስም ለብሶ የሚመጣውን ግዴታ ነው። በዱቡሻ የሚወሰነውን ሁሉም ይሰማል። የዛሬው መዋጮ ግን መጠኑ ከላይ ተቆርጦ ይወርዳል፣ በካድሬ ይነገራል፣ ከመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ይቆረጣል፤ ምን ላይ እንደዋለ ሲጠየቅ ግን መልስ የሚሰጥ የለም። በ2015 ዓ.ም. "ትምህርት ለትውልድ" የተሰኘው አገር አቀፍ ንቅናቄ ሲጀመርም ይኸው መንገድ ሰፋ እንጂ አልተስተካከለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 ለትምህርትና ለጤና በየጊዜው እያደገ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ የጣለው በመንግሥት ላይ ነው። ገበሬው ላይ አይደለም።

ነገሩ የሚበላሸው ከበጀቱ አወቃቀር ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወረዳዎች ጥቅል በጀት ይሰጣቸዋል። ሥልጣን ወደ ታች ወረደ ተባለ፤ የወረደው ግን ከገንዘቡ ይልቅ ኃላፊነቱ ነበር። ከጥቅል በጀቱ አብዛኛውን ደመወዝ ይውጠዋል። ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህም በበርካታ ወረዳዎች መምህራን ደመወዛቸው እየዘገየ ሲንገላቱ አይተናል። ደመወዝ መክፈል ያቃተው ወረዳ ለጥገና ምን ሊያስተርፍ ነው? ጥገና ራሱን የቻለ ቋሚ የበጀት ርዕስ እንዲኖረው አልተደረገም። ስለዚህ የሚጠገነው የፈረሰ ብቻ ነው፤ እሱም በመዋጮ።

የጭቃ ግድግዳ እንዴት እንደሚሞት የሚያውቅ ሰው ይህን ስንፍና አይታገስም። ቋሚው እንጨት መጀመሪያ የሚበሰብሰው መሬት ውስጥ የተቀበረው ጫፉ ላይ ነው። በቆላው ምስጥ ይጀምረዋል፣ በጨንቻና በዲታ ደጋ ደግሞ ዝናቡ ሥሩን ያጥባል። የድንጋይ መሠረት ከሲሚንቶ ጋር ቢኖረው፣ ጣሪያው አሸንዳ ቢበጅለት፣ ከክረምት በፊት በየዓመቱ ቢለሰን ዕድሜው ይረዝማል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ የሚፈልገው በየዓመቱ የማይቀር ጥቂት ገንዘብ ነው። እሱ ሳይመደብ ስለሚቀር አንዱ አባት በአንድ ዕድሜው ያንኑ ክፍል ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ይሠራል።

በዚህ ላይ አዲስ መመሪያ በወረደ ቁጥር ሸክሙ ይጨምራል። የ"ኦ ክፍል" ሕፃናት በነባሩ ግቢ ገቡ፣ ክፍል ግን አልተሠራላቸውም። ሥርዓቱ 6፣ 2 እና 4 ተብሎ ሲከፈል መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በወረቀት ተቋቋመ። በአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 የሚለው መለኪያ ማንን እንደሚመለከት ግራ ያጋባል። የትምህርት ሚኒስቴር ራሱ አብዛኞቹ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ከደረጃ በታች መሆናቸውን በይፋ አምኗል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ደርሷል መባሉ ለገዢው ፓርቲ ድል ሊሆን ይችላል፤ ከመቶ ከ90 በላይ ልጆቻቸው ለወደቁባቸው ወላጆች ግን አይደለም። ጥፋቱ ሁሉ የሕንፃ ነው አንልም። ነገር ግን ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ ልጅ ለፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገባ ምን እንደሚሰማው ከእናንተ በላይ የሚነግረን የለም። ክፍሉ የፈረሰበት ሕፃን ወዴት እንደሚሄድም ታውቃላችሁ፤ ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማ ዕቃው ሥር።

ብትመርጡን የምናደርገው ይህ ነው። በመጀመሪያው የበጀት ዓመት የዞኑ ትምህርት ቤቶች በሙሉ በባለሙያ ይመዘገባሉ፤ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ መቀመጫው፣ ውሃው፣ የሴት ልጆች መጸዳጃው ሳይቀር። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረ የመሐንዲሶች ቤት አጠገባችን እያለ የምዝገባው ባለሙያ ከሩቅ አይመጣም። ለተዳፋት ቦታ የአፈር ጥናት ሳይደረግ ግንባታ አይጀመርም፤ ቀድሞ በጋሞ ጎፋ ዞን አብረውን በነበሩት በገዜ ጎፋ ወገኖቻችን ላይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የደረሰውና ከ200 በላይ ሰው የፈጀው ናዳ ሊረሳ አይገባም። በከተማው፣ በሴቻም በሲቀላም፣ ለመኖሪያ ቦታ ሲሸነሸን የትምህርት ቤቱ መሬት አስቀድሞ ይከለላል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ትሉናላችሁ። ሁሉንም በአንድ የሥልጣን ዘመን እንገነባለን ብለን አንዋሽም። ጅምሮች ሳያልቁ አዲስ ምረቃ አይኖርም፤ ለበዓልና ለስብሰባ የሚወጣው ይቀነሳል፤ ጥገና በክልሉ በጀት ውስጥ ለሌላ ሥራ የማይዛወር የራሱ ርዕስ ይኖረዋል። መዋጮ በፈቃድ ብቻ ይሆናል፣ ያለ ፊርማው ከማንም ደመወዝ አይቆረጥም፣ ልጅ ለማስመዝገብ ቅድመ ሁኔታ አይሆንም።

የጥገናውና የግንባታው ተራም እንደ ጉዳቱ መጠን እንጂ እንደ ባለሥልጣን የትውልድ ቀበሌ አይወጣም። የልጃችሁ ትምህርት ቤት ስንተኛ እንደሆነና ለምን እንደሆነ በአማርኛና በጋሞኛ ተጽፎ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል፤ የገባውና የወጣው ገንዘብም ከጎኑ።