ታዳሚው ከወንበሩ ይነሣ

አዳማ ውስጥ የባህል ዝግጅት አለ ሲባል ምን እንደሚጠብቀን አስቀድመን እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል፣ የፕላስቲክ ወንበር ይደረደራል፣ ሞንታርቦ ይቆማል። የክብር እንግዶች ይጠበቃሉ፤ ሲመጡ ንግግር ይጀመራል፤ አንዱ ንግግር ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። የባህል ቡድኑ ጨፍሮ ሲወርድ ይጨበጨብለታል። ባህሉን ይወርሳሉ የተባሉት ልጆች ግን ከድንኳኑ ጀርባ በባዶ የውኃ ፕላስቲክ ኳስ እየተጫወቱ ናቸው።

እኔ የምለው እነዚህን ልጆች ተቆጥቶ ወደ ወንበር መመለስ ትተን ዝግጅቱን ወደ እነሱ እንውሰደው ነው። በዓሎቻችን ከጥንትም ተመልካች አልነበራቸውም። በሆያ ሆዬ የቤቱ ባለቤት ሙልሙሉን ይዞ ካልወጣ ጨዋታው አይሞላም። በገና ሜዳ ጌታና ሎሌ እኩል ዱላ ይዘው ሩሯን ያሳድዱ ነበር። ሕዝቡን ተመልካች ያደረግነው ወንበርና ድምፅ ማጉያ ካመጣን ወዲህ ነው።

የአዳማ ሰው መጫወት አልረሳም። ጥላ ባለበት ሁሉ የባጃጅ ሾፌሮች ዳማ ሲጫወቱ ታያላችሁ። ገበታው በከሰል የተሰመረ ካርቶን ነው፤ ጠጠሩ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ፣ የአንዱ ፊቱን ወደ ላይ፣ የሌላው ተደፍቶ። ሁለት ሰው ይጫወታል፣ አምስት ሰው ቆሞ ይመክራል። ተሳፋሪ ይመጣል፤ «እንሂድ» ሊል የነበረው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ገበታውን ካየ በኋላ «ኧረ ብላው! በዚህ በኩል ብላው!» ማለት ይጀምራል። ማንም አልጋበዘውም፤ ስሙንም የጠየቀው የለም። በስንት ድግስ የምንለፋለት የታዳሚ ተሳትፎ ይኸው ነው፤ ወጪው አንድ ካርቶን።

በዝግጅቶቻችን ጨዋታ ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም። ስፖንሰር አድራጊው መንኮራኩር ያሽከረክራል፣ ቲሸርት ይወረውራል፣ ወጣቱ ይጋፋል። ያሸነፈው የድርጅት አርማ ለብሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለ በዓሉ አንዲት ነገር ሳያውቅ መሄዱ ያሳዝነኛል።

ከሁሉ አብልጬ የምመኘው እንቆቅልሽን ነው። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» ተባብለን፣ መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» የሚባለው ለዚህ አካባቢ የተሠራ ይመስለኛል። መሬት ላይ በኖራ መንገድ ይሰመር፤ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ቡልቡላ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ በየተራ ይጻፉ። መልሱ የጠፋው ልጅ አንዱን ከተማ ይሰጣል፤ ተቀባዩ ሄዶ ይቆምበትና ያገኘውን አገር ያሞግሳል። ባቱ ላይ የቆመው ስለ ሐይቁና ስለ ዓሣው ካላወቀ አገሩን ይነጠቃል፤ ከዳር ያሉት እናቶችም ዝም አይሉም። በኦሮሞ ልጆች ዘንድ ሂቦ የሚባል እንቆቅልሽ አለ፤ በሁለቱም ቋንቋ እየተፈራረቁ ይጫወቱ። ቋንቋ ያልገጠመለት ደግሞ ገበጣው ይጠብቀዋል። በባህል ስፖርት ውድድሮቻችን የሚታወቁት ባለ 12 እና ባለ 18 ጉድጓድ ገበጣዎች አስተርጓሚ አይሹም፤ ጠጠር መቁጠር ብቻ ነው።

የገዳ ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም አዲስ አበባ በተካሄደ ስብሰባ በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ሁላችንም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ገዳ ወደ ሌላው ተላልፎ፣ አምስቱን አዳርሶ በ40 ዓመት እንደሚመለስ ስንቱ ተማሪ ያውቃል? በክብ የተሰመሩ አምስት ቦታዎች ላይ እየተረካከበ ቢዞር በአንድ ከሰዓት ይገባዋል። እርግጥ የአባ ገዳውን የሥልጣን በትር፣ ቦኩን፣ መጫወቻ ማድረግ አይገባም፤ ምን ሊደረግ፣ ምን ሊተው እንደሚገባ አስቀድሞ አባ ገዳዎችን መጠየቅ ያሻል።

ቦታም መለየት አለበት። በኢሬቻ በዓል ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ዳር ሰው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ለምስጋና በሚወርድበት ሰዓት ውድድር አይታሰብም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም በዚያ ሥፍራ ያለቁትን ወገኖቻችንን የሚያስታውስ ሰው ሕዝብ የሚያጋፋ ነገር ሊያዘጋጅ አይችልም። ጨዋታው ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት፣ በሰፊ ሜዳ፣ በትንንሽ ቡድን ይሁን።

ሌሎች አገሮች ይህን በቁም ነገር ይዘውታል። በመካከለኛው ቬትናም ባይ ቾይ የሚባል የአዲስ ዓመት ጨዋታ አለ። ታዳሚው በትንንሽ ዳሶች ካርድ ይዞ ይቀመጣል፤ ጠሪው የወጣውን ካርድ በቀጥታ ስሙን አይጠራም፣ በሕዝብ ዜማ ያዜመዋል። ለማሸነፍ ዜማውን ማዳመጥ ግድ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 መዝግቦታል። እኛ ቲሸርት ስንወረውር እነሱ በሽልማቱ ምክንያት ዜማቸውን ያስተምራሉ።

ለአዳማ ባህል ጽሕፈት ቤትና ለበዓል አዘጋጆች የማቀርበው ጥያቄ ከባድ አይደለም። በአባ ገዳ አዳራሽ ግቢ በሚቀጥለው ዝግጅት ለንግግር ከተያዘው ጊዜ አንድ ሰዓት ይቀነስ። አሥር ገበጣ ለአናጢ ይታዘዝ። ዳኞቹ የሰፈር አዛውንቶች ይሁኑ፤ በክብር ተጠርተው፣ አበላቸው ተከፍሏቸው። የባጃጅ ሾፌሮቹም ቆርኪያቸውን ይዘው ይምጡ። የክብር እንግዳውም ንግግሩን ሲጨርስ ከአንዲት ተማሪ ፊት ለፊት ተቀምጦ ገበጣ ይጫወት፤ የምታሸንፈው ከሆነም ታሸንፈው።