ከቆርቆሮው ሥር የተቀመጠው ልጅ

ከሰዓት ፈረቃ የሚማር ልጅ ዴስኩ ላይ ሲያንቀላፋ «ሰነፍ ነው» ይባላል። ልጁን ከመውቀሳችን በፊት እኛ ሕንፃ የምንማር ሰዎች ቀና ብለን ጣሪያውን ብናይ ጥሩ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ አንድ ቀላል ሒሳብ አብረን እንሥራ። 8 ሜትር በ7 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱም 3 ሜትር የሆነ ክፍል 168 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። 60 ተማሪ ይግባበት። ተቀምጦ የሚማር ልጅ በአማካይ 70 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል ብንል የ60ው ድምር 4.2 ኪሎ ዋት ይመጣል። ይህ እኮ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚስበው አያንስም! ምጣድ መሐል ክፍሉ ላይ ጥዶ «ሒሳብ አስተምር» እንደማለት ነው።

አየሩስ? አንድ ልጅ በሰዓት 15 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። በር መስኮቱ ከተዘጋ በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 600 ሊትር ይሆናል፤ የክፍሉ አየር ከሚሊዮን ወደ 4,000 እጅ ይደርሳል ማለት ነው። ጀርመናዊው ማክስ ፎን ፔተንኮፈር እ.ኤ.አ. በ1858 ለጥሩ የክፍል አየር መለኪያ ያደረገው 1,000 እጅን ነበር። እርግጥ በቆርቆሮው ስፌትና በበሩ ሥር የሚገባ ንፋስ ቁጥሩን ያወርደዋል፤ ቢሆንም በስንጥቅ መተንፈስ ንድፍ አይባልም።

«ታዲያ መስኮት አይከፍቱም ወይ?» ይባል ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባን የጠዋት ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠይቅም። መስኮቱ ያለው ከልጁ ትከሻ አጠገብ ነው። ከተከፈተ ብርዱ በቀጥታ እሱ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ይዘጋዋል፣ ትክክልም ነው። ጥፋቱ የመስኮቱ አቀማመጥ ነው። ከራስ በላይ፣ በሁለቱም ተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ ትናንሽ መክፈቻዎች ቢኖሩ የሞቀው አየር በላይ በኩል ይወጣል፣ ልጁም አይበርደውም።

ከቀትር በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው እንደ ምድጃ ወደታች ያነዳል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ፦ ይህ ሙቀት በጨረር ነው የሚመጣው፣ መስኮት መክፈት ብቻውን አያስቆመውም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር «ደህና ነው» እያለ የልጁ አናት ይነድዳል። የምቾት ጉዳይ የአየር ሙቀት ብቻ አይደለም።

ኤሲ ይገጠም የሚሉ አሉ። የመብራቱን ሒሳብና የመቋረጡን ነገር እንተወውና፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ዓይነት ያንኑ የክፍሉን አየር እያቀዘቀዘ ይመልሳል እንጂ ከውጭ ንጹሕ አየር አያስገባም። እንዲያውም ለእሱ ሲባል መስኮቱ ይዘጋል። ቀዝቃዛና የታፈነ ክፍል፣ ያውም በገንዘብ!

ፍራንሲስ ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2001 በትውልድ መንደሩ በቡርኪና ፋሶዋ ጋንዶ የሠራውን ትምህርት ቤት ፎቶ ያየ ሰው መልሱ የት እንዳለ ይገባዋል። ቆርቆሮውን አልጣለውም፤ ከክፍሉ በላይ በብረት አንሥቶ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው የሸክላ ኮርኒስ አደረገ። ንፋሱ በመሐላቸው ያልፋል፣ የሞቀው አየርም በቀዳዳዎቹ ወደላይ ይወጣል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከር ሽልማት አገኘ። እንደዚያ ግን እንዳለ ይገልበጥ ማለቴ አይደለም። ለጋምቤላ የሚሆነው ለደብረ ብርሃን ጠዋት አይሆንም፤ የእኛ ችግር አንድን ብሎክ በየአገሩ እያተሙ መትከል ነውና። የመጽሐፉ ቀመርም ቢሆን የባሕር ወለል አየርን ይዞ ነው የሚያሰላው፤ የአዲስ አበባ አየር ከዚያ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ በአንድ ሜትር ኩብ የሚያወጣው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል።

ለተሠሩት ትምህርት ቤቶች ኮርኒስ ማልበስ፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ በሁለቱ ጫፎች ማስተንፈስ፣ ቆርቆሮውን ነጭ መቀባት ይቻላል። በሚስማር የተመቱ መስኮቶችንም መንቀል! ወጪው ከኤሲ ጋር አይወዳደርም።

መምህራኖቻችንን የምጠይቀው ይህን ነው፦ በስቱዲዮ የትምህርት ቤት ፕሮጀክት ስናቀርብ የአየሩ መንገድ የተሳለበት ሁለት ሴክሽን እንጠየቅ፤ አንዱ የጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሌላው የቀኑ 8 ሰዓት። ያላመጣ ተማሪ ፊት ለፊቱ ምንም ቢያምር ወደ ጠረጴዛው ይመለስ።